የመጀመሪያዋ ሴት ዕዳ

«ዳላስ» የተባለው ተከታታይ ድራማ በሲቢኤስ መታየት የጀመረው በ1978 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከዳላስ በስተሰሜን፣ ፓርከር በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘው የሳውዝፎርክ እርሻ በዓለም ዙሪያ የዳላስ መታወቂያ ሆነ፤ የነዳጅ ሀብታሞች፣ ሰፋፊ ባርኔጣ፣ የወንድማማቾች ሽኩቻ። ታሪኩ የሚያጠነጥንበት የዩዊንግ ቤተሰብ ነጭ ነው። በእውነተኛዋ ዳላስ ግን ማታ ዜና ለማየት ቻናል 8ን የከፈተ ሰው አዮላ ጆንሰንን ያገኝ ነበር። በ1973 ደብሊው ኤፍ ኤ ኤ ጣቢያን የተቀላቀለችው ጆንሰን በዚያ አካባቢ በዋናው የዜና ወንበር የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ድራማው ከከተማው ኋላ ቀርቶ ነበር።

«የመጀመሪያዋ» የሚለው ማዕረግ ለሰጪው ደስ ይላል፤ ለተቀባይዋ ግን ሒሳብ አለው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሕተቷ የእሷ ብቻ አይሆንም፤ ሳቋም፣ ዝምታዋም እንዲሁ። ማንም ሳይመርጣት የሕዝብ ወኪል ትሆናለች። ይህን ሸክም በአንድ ሰው ላይ መጫን ተገቢ ነው?

ጥያቄው ከጆንሰን በፊት ብዙ ሴቶችን ፈትኗል። በ1950 ኤቢሲ «ቡላ» የተባለ ኮሜዲ ጀመረ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ጥቁር ሴት ናት፤ ሥራዋ ግን የነጭ ቤተሰብን ጓዳ ማሰናዳት ነው። ኢትል ዋተርስ ተጫውታው ተወችው፤ ሃቲ ማክዳንኤል ተረክባ ብዙም ሳትቆይ ታመመች፤ ሉዊዝ ቢቨርስ ቀጠለች። ማክዳንኤል በ1940 ኦስካር የተቀበለች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተዋናይ ናት፤ ያንንም ያገኘችው የገረድ ሚና ተጫውታ ነው። የገዛ ወገኖቿ በዚህ አጥብቀው ወቅሰዋታል። ወቀሳው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ በየሳምንቱ እየሳቀች የምታገለግል ሴት ያየ ሕፃን አንድ ነገር ይማራል። ይሁን እንጂ ድርሰቱን የጻፈችው፣ ገንዘቡን ያወጣችው፣ ሌላውን ሚና ሁሉ የከለከለችው እሷ አልነበረችም።

ከገረድነት የወጣችውም ብትሆን አልተረፈችም። በ1968 ዳያን ካሮል በ«ጁሊያ» ነርስ ሆና ስትቀርብ፣ ባሏን በቬትናም ጦርነት ያጣች፣ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ጨዋ ሴት ነበረች። አሁን ደግሞ ከድሃው ጥቁር ሕይወት የራቀች፣ ከመጠን በላይ የጸዳች ናት ተባለ። አንዲት ሴት ብቻ በምትታይበት ስክሪን ላይ ሁሉንም የሚያስደስት ምስል የለም፤ ጥፋቱም ከምስሉ ይልቅ በቁጥሩ ማነስ ነው።

የአገር ቤት አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው በሚተውኑበት ዘመን መድረክ ላይ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ አስናቀች ወርቁ ናት። ክራሯንና ድምጿን የወደደው ሕዝብ ሙያዋን ደግሞ ይንቅ ነበር፤ «አዝማሪ» ስድብ የሆነበት ቋንቋ የእኛው ነው። ትኬት ቆርጦ የሚገባውን ተመልካች ግን ማን ሰደበ?

ዕዳ ካለ መለካት ያለበት እምቢ ለማለት ባለው አቅም ይመስላል። በ1974 «ጉድ ታይምስ» ሲጀመር ኤስተር ሮል አቅም ነበራት፤ ቤተሰቡ አባት ካልኖረው አልጫወትም ብላ አባት አስገኘች። አቅሟም ልክ ነበረው። አባትየውን የሚጫወተው ጆን ኤመስ በ1976 ተሰናበተ፤ የበኩር ልጁ ቀልድ ወደ ማላገጥ ሲያዘነብል ሮልም ለቀቀች፤ ለመጨረሻው ምዕራፍ ተመለሰች። መመለሷን እንደ ሽንፈት የሚቆጥር ይኖራል። ከውጭ ሆኖ መቁጠር ቀላል ነው።

የዜና ወንበር ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ተዋናይዋን ተመልካቹ ያያታል፤ ዜና አንባቢዋን ግን ማመን አለበት። ጥቁር ሴት በቤቱ ምግብ ስታቀርብ የለመደ ሰው አሁን «ዛሬ በከተማችን ይህ ሆነ» ስትለው ይሰማል። ክላሪስ ቲንስሊ «ዳላስ» በጀመረበት በዚያው በ1978 ወደ ቻናል 4 መጣች። በ1984 መጀመሪያ አንድ ሰው ለእንጀራ እናቱ አምቡላንስ ለመጥራት ሲደውል፣ ስልኩን ያነሳችው ነርስ ስትከራከረው ሴትየዋ ሞተች። ቲንስሊ ጉዳዩን ይዛ የሠራችው ዘገባ የከተማውን የአደጋ ጊዜ አገልግሎት ለጥያቄ አቀረበ፤ ጣቢያውንም የፒቦዲ ሽልማት አስገኘ። በዚያ ዘገባ ውስጥ ቁም ነገሩ የአቅራቢዋ መልክ አይደለም፤ መልስ መስጠት የነበረበት ማዘጋጃ ቤቱ ነው።

እርግጥ የዜና ወንበርም የራሱ ልጓም አለው፤ ድምፅ ተስተካክሎ፣ ቁጣ ተውጦ ነው የሚነበበው። ቲንስሊ በዚያው ጣቢያ ከአርባ ዓመት በላይ ሠርታለች። በደርግ ዘመን ተሰድዶ ጋርላንድ ወይም ሪቻርድሰን የገባ ኢትዮጵያዊ ማታ ቴሌቪዥኑን ሲከፍት ያቺን ሴት በቦታዋ ያገኛት ነበር፤ የመጀመሪያ መሆን አለመሆኗን ለመጠየቅ ምክንያት ሳይኖረው፣ የነገውን የአየር ሁኔታ እየጠበቀ።