ይህ ሳል የማን በደል ነው?



ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ጌታን የጠየቁት ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ ነበር (ዮሐ. 9)። እኛም ከደባርቅና ከዳባት ጀምሮ እስከ ስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት መንደሮች፥ ሥር በሰደደ የሳንባ ሕመም የሚሠቃዩትን ስናይ ይህንኑ እንጠይቃለን። የሚያጨሰውን «በገዛ እጁ ያመጣው ነው» ብለን እንፈርድበታለን፤ ሲጋራ አንድ ቀን እንኳ ያልቀመሰችውን እናት ደግሞ «ብርድ ነው፤ ያልፋል» ብለን እንተዋታለን። አንዱን በፍርድ፥ ሌላዋን በቸልታ፥ ሁለቱንም ብቻቸውን እናስቀራቸዋለን።

እስቲ ወደ ማድ ቤቱ እንግባ። የደጋው ብርድ በርን ያስዘጋል፤ ኩበቱና ያልደረቀው ባሕር ዛፍ ይጤሳል፤ እናት ሕፃኗን አዝላ በምጣዱ ላይ ታጎነብሳለች። ለዓመታት የተሳበ የማገዶ ጭስ እንደ ትንባሆ ሁሉ የአየር ቧንቧዎችን ያቈስላል፥ ያጠብባልም። ሕመሙ ሥር ከሰደደ በኋላ ውኃ ቀድቶ ዳገት መውጣት፥ ቆሞ ማስቀደስ፥ ጋደም ብሎ መተኛት እንኳ ጭንቅ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ የማድ ቤቱን ጭስ የሚከለክለው ግን የቤተ ሰቡ ፍቅር ነው።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 2290 ትንባሆን ያለ ልክ ከመጠቀም እንድንርቅ ያስተምራል። ይህ ግን የታመመውን ለመውቀስ የተጻፈ አይደለም። የሚያጨስ ወንድማችን ዛሬ ቢተው፥ የተጐዳው ሳንባው እንደ ቀድሞው ባይሆን እንኳ ሕመሙ የሚገፋበት ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ የሚያስፈልገው የሚያግዘው ሰው እንጂ የሚያሳፍረው አይደለም።

ጌታ በደለኛ ፍለጋ አልቆመም፤ ጭቃ ለውሶ ዐይኑን ቀባው። ከእኛም የሚፈለገው ጭቃ የሚነካ እጅ ነው። አባወራዎች ሆይ፥ ለማድ ቤቱ መስኮት ክፈቱ፤ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሥሩ፤ እንጨቱን አድርቁ፤ እሳቱ ሲነድ ሕፃኑን ተቀበሏት። ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ የሳንባ ነቀርሳም ሊሆን ይችላልና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። መምህራንም፥ ከቤት የዋሉትን ሕሙማን ሃይማኖታቸውን ሳትጠይቁ ጐብኙ።

እግዚአብሔር በአዳም አፍንጫ የሕይወትን እስትንፋስ እፍ አለ (ዘፍ. 2፥7)። ያ እስትንፋስ በአጫሹም በእናቲቱም ደረት ውስጥ ያለ የእርሱ አደራ ነው። አደራውን እንድንጠብቅ ጸጋው ይርዳን። አሜን።