ባዶዎቹ መቀመጫዎች፦ ስለ ራሊ መኪና ሞዴሎችና ስለ መታሰቢያ

በአንድ ሰብሳቢ መደርደሪያ ላይ ሁለት ላንቺያ ዴልታ ኤስ4 ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለቱም የማርቲኒን ሰማያዊና ቀይ መስመር ለብሰዋል፤ ሁለቱም መዳፍ ላይ ይቀመጣሉ። የሚለያዩት በበራቸው ላይ ባለው ቁጥር ነው። 7 ቁጥሯ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1986 የሞንቴ ካርሎ ራሊን ያሸነፈችው መኪና አምሳያ ናት። 4 ቁጥሯ ደግሞ በዚያው ዓመት ሜይ 2 ቀን በኮርሲካ ተራራማ መንገድ ላይ ከመታጠፊያ ወጥታ ገደል የገባችውና የተቃጠለችው መኪና አምሳያ ናት። በሁለቱም ላይ የተጻፉት ስሞች አንድ ናቸው፦ ቶይቮነንና ክሬስቶ። ሄንሪ ቶይቮነን የ29 ዓመት ፊንላንዳዊ አሽከርካሪ ነበር፤ ሰርጂዮ ክሬስቶ ደግሞ ከጎኑ ተቀምጦ የመንገዱን ማስታወሻ የሚያነብለት ባልደረባው። ሁለቱም እዚያው ሞቱ።

7 ቁጥሯን መግዛት ማንንም አያሳስብም። 4 ቁጥሯስ? ሁለት ሰው የሞተባትን መኪና አሳንሶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በመስታወት ሳጥን አስቀምጦ ማየት ምን ዓይነት ተግባር ነው? ማስታወስ ነው? ማስጌጥ ነው? ወይስ በሰው ሞት መጫወት?

ነገሩ በጨዋታ መጀመሩ እርግጥ ነው። በሰብሳቢዎች ዘንድ የተለመደው ልኬት አንድ ለ43 ነው፤ 4 ሜትር ገደማ የነበረችው ላንቺያ በዚህ ልኬት ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ትሆናለች። ልኬቱ የመጣው ከአሻንጉሊት ባቡር ነው። በ1930ዎቹ የሊቨርፑሉ ሜካኖ ኩባንያ በኋላ ዲንኪ ቶይስ የተባሉትን ትናንሽ መኪኖች ማውጣት ሲጀምር፣ የታሰቡት በባቡሩ ሐዲድ ዳር እንዲደረደሩ ነበር። ልጆች ግን ባቡሩን ትተው መኪኖቹን ወሰዱ፤ መሬት ለመሬት ነዷቸው፣ አጋጩአቸው፣ ቀለማቸውን ላጡ። ከብዙ ዓመታት በኋላ እነዚያው ልጆች አድገው ሲገዟቸው ሕጉ ተገለበጠ። አሁን መኪናዋ አትነካም። በብዙዎቹ ሞዴሎች በሩ አይከፈትም፤ መኪናዋ ከመቆሚያዋ ጋር በብሎን ታስራለች፤ ካርቶኑ እንኳ ከተቀደደ ዋጋዋ ይወርዳል። አዲስ አበባም ሆነ ገጠር ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሠርቶ የነዳ ልጅ ይህን ቢያይ ግራ ይገባዋል። የእሱ መኪና ምንንም በትክክል አትመስልም፤ ግን ትሄዳለች። የሰብሳቢው መኪና ሁሉንም ነገር ትመስላለች፤ ግን አትሄድም።

ትንሽ ነገር ለምን እንዲህ እንደሚስብ ያሰቡ ሰዎች አሉ። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ክሎድ ሌቪ ስትሮስ በ1962 ባሳተመው «የዱር አስተሳሰብ» በተሰኘ መጽሐፉ፣ አንድን ነገር ስናሳንሰው ከክፍሎቹ በፊት ሙሉውን እንደምናውቀው፣ በዚህም በነገሩ ላይ ሥልጣን ያገኘን እንደሚመስለን አስረድቷል። አሜሪካዊቷ ሱዛን ስቱዋርት ደግሞ በ1984 ስለ ናፍቆት በጻፈችው መጽሐፍ ማስታወሻን ከስብስብ ትለያለች። ማስታወሻ ወዳለፈ ነገር ይጠቁማል፤ ስብስብ ግን ታሪክን በምድብ ይተካል። በስደተኛ ቤት ሳሎን ውስጥ ያለችው ትንሽ የአክሱም ሐውልት ማስታወሻ ናት፤ ከእሷ ጀርባ አገር፣ ሰው፣ የመለያየት ቀን አለ። ስብስብ ውስጥ የገባ ዕቃ ግን ትርጉሙን የሚያገኘው ከጎኑ ካለው ዕቃ ነው። ከ6 ቀጥሎ 7 አለ፤ 8 ጎድሏል፤ 8 ይፈለግ።

የ4 ቁጥሯ አደጋ እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰብሳቢ የ1986ን የላንቺያ መኪኖች በሙሉ ሊያሟላ ተነሥቶ «ኮርሲካ ብቻ ቀረችኝ» ሲል፣ ሁለት ሰው የሞተባት መኪና የመደርደሪያ ክፍተት መሙያ ሆናለች። ይህን ሲል ክፉ አስቦ አይደለም። የስብስብ ሥርዓት ራሱ ሞትን ከድል እኩል በቁጥር ያስቀምጠዋል።

በሌላ በኩል፣ ሞዴሏን የሚከላከል ሰው የሚለው አለው። የኮርሲካዋ መኪና ዛሬ የለችም። የነዳጅ ታንኳ ከመቀመጫዎቹ ሥር ነበር፤ አካሏ ቶሎ በሚነድ ቀላል ቁስ የተሠራ ነበር፤ ከእሳቱ የተረፈው የብረት አጽሟ ብቻ ነው። አደጋውን በቅርብ ያየ ሰው ስላልነበረ ምክንያቱ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም። ልክ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ራሊ፣ አቲሊዮ ቤቴጋ በሌላ ላንቺያ ሞቶ ነበር። በ1986 መጀመሪያ በፖርቱጋል አንዲት መኪና ተመልካች መሃል ገብታ ሰዎች ሞተዋል። ከቶይቮነን ሞት በኋላ የመኪና ስፖርት ባለሥልጣናት «ግሩፕ ቢ» የተባለውን የኃይለኛ መኪኖች ምድብ ከ1987 ጀምሮ አገዱ። ስለዚህ 4 ቁጥሯ አንድ ዘመን ያበቃባት መኪና ናት። ሞዴሏ ካልተሠራች፣ ድሎቹ ብቻ በመደርደሪያ ላይ ይቀራሉ፤ የድሎቹ ዋጋ ይደበቃል። ለውሸት የሚቀርበው የትኛው ነው?

ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ግን አንድ ፈተና ይጠብቀዋል። አንድ አምራች ገደል የገባውን፣ የተቃጠለውን አጽም በዚያው ልኬት ሠርቶ ቢሸጥስ? እውነትን የሚፈልግ ሰው ይህን ይበልጥ መፈለግ ነበረበት፤ ምክንያቱም ያ ቀን ያበቃው እንደዚያ ነው። አብዛኛው ሰብሳቢ ግን ይሸሸዋል፤ ቢገዛውም ያፍርበታል። ሰብሳቢው የሚፈልገው መኪናዋ ያለፈችበትን እውነት በሙሉ አይደለም፤ መኪናዋ ገና ንጹሕ ሆና በመነሻው ላይ የቆመችበትን ቅጽበት ነው። ራሊ የሰከንድ ውድድር ነው፤ ሞዴሉ ደግሞ ሰዓት የሌለው ራሊ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ የሮጡ መኪኖችን ከነጭቃቸው የሚያወጡ አምራቾች አሉ፤ ጭቃውም ቢሆን በልክ የተቀባ ቀለም ነው፣ ከመስታወቱ ወደ ውጭ አይረጭም።

ይህ ሽሽት እንደ ግብዝነት ሊታይ ይችላል፤ እንደ ጨዋነትም ሊታይ ይችላል። ሟችን በሕይወት በነበረበት መልኩ ማሰብ ብዙ ሕዝብ የሚያውቀው ወግ ነው። ለቅሶ ቤት የሚሰቀለው ፎቶግራፍ የሆስፒታል አልጋ ፎቶ አይደለም። ሟቹ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ፈገግ ብሎ የተነሣው ነው። ይህን ውሸት የሚለው የለም፤ ምክንያቱም ከፎቶው ሥር የተቀመጠው ሰው ሁሉ የሆነውን ያውቃል። ንጹሑ ምስል ሐቀኛ የሚሆነው በዙሪያው ያለው ሰው እውነቱን ሲያውቅና ሲናገር ነው።

የትምባሆ ማስታወቂያ ጉዳይ ይህንኑ በትንሹ ያሳያል። ኮሊን ማክሬ በ1995 የዓለም ሻምፒዮን የሆነባት ሰማያዊ ሱባሩ በጎኗ ላይ 555 የሚል ቢጫ ጽሑፍ ነበራት፤ የሲጋራ ስም ነው። የትምባሆ ማስታወቂያ ሲከለከል፣ አንዳንድ አምራቾች የሲጋራ ስሞችን ከሞዴሎች ላይ ማንሣት ጀመሩ። ብዙ ሰብሳቢዎች ተለጣፊውን ለብቻው ገዝተው በወረንጦ ይለጥፉታል፤ «ታሪክ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው። ነገር ግን ጽሑፉን ሚሊ ሜትር ሳያዛንፍ የመለሰ ሰው፣ ያ ስም ለምን እዚያ እንደተጻፈና ማን እንደከፈለ ለልጁ ካልነገረው፣ የመለሰው ማስታወቂያውን ብቻ ነው። የዝርዝር ትክክለኛነት የእውነት ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ በአንደበት የሚነገር ነው።

ተዝካር የሚያስተምረው ነገር እዚህ ይጠቅማል። ተዝካር የሚወጣ ሰው ወጪ ያወጣል፣ ደጁን ይከፍታል፣ ጎረቤትና ነዳያን ይበላሉ፣ የሟች ስም በሌሎች ፊት ይነሣል። መታሰቢያ ወደ ውጭ የሚከፈት ነገር ነው። ስብስብ በተፈጥሮው ወደ ውስጥ ይዘጋል፤ ሳጥን፣ ቁልፍ፣ መብራት፣ «እንዳትነካ» የሚል ቃል አለው። 4 ቁጥሯን የገዛ ሰው የሚመዘነው በመግዛቱ ሳይሆን ከገዛ በኋላ ሳጥኑን ለማን እንደሚከፍት፣ ሲከፍትስ ምን እንደሚል ነው። የእንግዳ ልጅ «ይህቺ መኪና አሸነፈች?» ብሎ ሲጠይቀው «ብርቅ ናት፣ ውድ ናት» የሚል ሰው አለ። «አላሸነፈችም፤ ሁለት ሰዎች ነበሩባት፤ ስማቸው ይኸውልህ» የሚልም አለ። ዕቃው አንድ ነው፤ በሁለቱ ቤት ግን የተለያየ ነገር ነው።

ስሞቹን ለማንበብ ደግሞ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ከአሽከርካሪው ስም ጎን ያ ሕዝብ ብዙም የማያስታውሰው የመንገድ አንባቢው ስም በዚያው መጠን ታትሟል። ዓለም ቶይቮነንን ሲያነሣ ክሬስቶን ይረሳል፤ ትንሿ መኪና ግን ሁለቱን አታበላልጥም። በመስኮቷ ወደ ውስጥ ለሚያይ ሰውም ሌላ ነገር አለ። ቀበቶዎቹ በቦታቸው ናቸው፤ መሪው አለ፤ ሁለቱ መቀመጫዎች ግን ባዶ ናቸው። አምራቹ ይህን ያደረገው ለሐዘን ብሎ አይደለም፤ አብዛኞቹ ሞዴሎች ሰው የላቸውም። በሌላው መኪና ላይ ልማድ የሆነው ባዶነት በዚህች ላይ ግን የሚነገር ነገር ሁሉ የሚነሣበት ቦታ ነው፤ እዚያ ማን ተቀምጦ እንደነበር የመናገሩ ሥራ ለባለቤቷ የተተወ ነው።