ጽዋውን የነካው እጅ

ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን፣ በረሃው ከቀይ ባሕር በሚገናኝበት ጠረፍ፣ አሩስ የሚባል የመዝናኛ መንደር ነበር። ጣሊያናውያን ባለሀብቶች በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ እንዲሁ) ባለቀይ ጣሪያ ጎጆዎችንና ወደ ባሕሩ የተከፈተ ሰፊ የመመገቢያ አዳራሽ ሠሩበት። ውሃውም፣ መብራቱም፣ መንገዱም አልመጣ ሲላቸው ጥለውት ሄዱ። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ አንድ «የስዊዘርላንድ ኩባንያ» ተከራየው። አዲሶቹ ኃላፊዎች አየር ማቀዝቀዣ አስገቡ፣ የአገሬውን ሰው አስተናጋጅና ሾፌር አድርገው ቀጠሩ፣ አንድ ጎበዝ ምግብ አብሳይ ደግሞ ከሌላ ሆቴል በእጥፍ ደመወዝ አስኮበለሉ። ከካርቱም ዲፕሎማቶች፣ ከአውሮፓ ባሕር ጠላቂዎች፣ ከግብፅም ወታደሮች መጡ። ገበያው ደራ፤ ቤቱ ወጪውን ራሱ መሸፈን ጀመረ።

ኃላፊዎቹ የእስራኤል የስለላ ድርጅት የሞሳድ ሰላዮች ነበሩ።

አልፎ አልፎ «ካርቱም ደርሰን እንመጣለን» ብለው ሠራተኞቹን ይሰናበቱና መኪኖቻቸውን ወደ ደቡብ ያዞራሉ። ጉዟቸው ወደ ገዳሪፍ ነው። ይህ የሰሊጥና የማሽላ አገር ከኢትዮጵያ የሸሸውን ሁሉ ሲቀበል የኖረ ነው።  በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኡም ራኩባና በተዋዋ የስደተኞች ጣቢያዎች ከሠፈሩት መካከል ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው የመጡ፣ ማንነታቸውን የደበቁ ቤተ እስራኤል፣ ማለትም ኢትዮጵያውያን አይሁድ፣ ነበሩ። ከእነሱ አንዱ የሆነውና ሱዳን የገባው ፈረደ አክሉም የላከው ደብዳቤ ሞሳድ እጅ ከደረሰ በኋላ ሰላዮቹ እነዚህን ሰዎች በሌሊት እየጫኑ፣ ቀን እየተደበቁ፣ በየኬላው ጉቦ እየሰጡ፣ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጠው ባሕሩ ዳር ያደርሷቸው ነበር። ከዚያ የጎማ ጀልባ፣ ከዚያ የእስራኤል መርከብ። በ1982 የሱዳን ወታደሮች ጀልባዎቹን አይተው ከተኮሱ በኋላ ግን አውሮፕላን በረሃ ላይ እያሳረፉ መጫን ጀመሩ።

እንግዲህ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ዓሣውን የቀመሰ፣ የመጠጡን ዝርዝር ገልብጦ ያየ አንድ እንግዳ ይታሰብ። ፍርዱን ይሰጣል፤ ይህ መልካም ነው፣ ያኛው ጨው በዝቶበታል ይላል። ይህ ሰው የፈረደው በምኑ ላይ ነው?

ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም በ1757 ባሳተመው ስለ ጣዕም መለኪያ በሚናገር ድርሰቱ ከ«ዶን ኪኾቴ» ልብ ወለድ የተዋሰው ጨዋታ አለ። የሳንቾ ሁለት ዘመዶች አንድ በርሜል የወይን ጠጅ እንዲቀምሱ ይጠራሉ። አንዱ «ጥሩ ነው፣ ቆዳ ቆዳ ማለቱ እንጂ» ይላል፤ ሌላው ደግሞ ብረት ብረት አለኝ ይላል። ሰው ይስቅባቸዋል። በርሜሉ ሲገለበጥ ግን ከሥሩ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው አሮጌ ቁልፍ ይወጣል። ለሂዩም ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ጣዕም የየሰው አመል ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ውስጥ ያለውን የሚያገኝ የሠለጠነ ምላስ አለ፤ ፈራጁ ጭፍን ጥላቻንም ወዳጅነትንም አስቀምጦ የቀረበለትን ብቻ ይመርምር።

ምላስ ግን ሂዩም እንዳሰበው ታማኝ ምስክር አይደለም። ፍሬደሪክ ብሮሼ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ በ2001 ባወጣው ሙከራ ቦርዶ ውስጥ ለ54 የወይን ጠጅ ተማሪዎች ነጩን ወይን ሽታ አልባ በሆነ ቀይ ቀለም አቅልሞ አቀረበላቸው፤ ተማሪዎቹም በቀይ ወይን ቋንቋ ገለጹት። ዓይን ምላስን ቀድሞት ነበር። የአሩስ እንግዳ ነገር ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። እዚያ በርሜሉ ሥር የነበረው ቁልፍ በባሕር ጠላቂዎች ዕቃ ቤት ውስጥ የተደበቀው ሬዲዮ ነው፤ የትኛውም የሠለጠነ ምላስ አይደርስበትም። ዓሣው ትኩስ ነው ብሎ የፈረደ ሰው በዓሣው አልተሳሳተም። ስለ ማዕዱ ግን ምንም አላወቀም።

በመስከረም 1983 ፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜሪ የሸሪዓ ሕግ ዐወጁና መጠጥን ከሱዳን አገዱ። በካርቱም በሺህ የሚቆጠር ጠርሙስ ዓባይ ውስጥ ተደፋ። ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር ያለ ሬስቶራንት የወይን ዝርዝር ማቅረብ ሕገ ወጥ ሆነ። እስላማዊ ሊቃውንት በመጠጥ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቃል ነበሩ ማለት ስሕተት ነው፤ የሕግ ሊቁ አቡ ሐኒፋ የወይን ጠጅን ከሌሎች መጠጦች ለይቶ ማየቱ፣ ኋላ የመጡት የራሱ መዝሀብ (የሕግ ወገን) ሊቃውንት ደግሞ ሁሉንም ወደ መከልከል ማዘንበላቸው የታወቀ ነው። የካርቱሙ ትዕይንት ግን የሊቃውንት ክርክር አልነበረም፤ ዙፋኑ የተነቃነቀበት ገዢ ለሕዝብ ያሳየው ነው። ይህንኑ ሕግ በይፋ የተቃወሙት ሱዳናዊው አሳቢ ማሕሙድ ሙሐመድ ጣሃ ጥር 5 ቀን 1985 ታሰሩ፤ በዚያው ወር በ18 በኮበር ወህኒ ቤት ተሰቀሉ። ቤተ እስራኤልን ከሱዳን በአውሮፕላን ያወጣው «ዘመቻ ሙሴ» ወሬው አደባባይ ወጥቶ የተቋረጠውም በዚያው በጥር 5 ነው። ያንን በረራ ዓይኑን ጨፍኖ ያሳለፈውና ሽማግሌውን የሰቀለው መንግሥት አንድ ነበር።

ስለ ሰላዮቹ ውሸት ምን ይባላል? መጽሐፍ ቅዱስ ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ኢያሱ ወደ ኢያሪኮ የላካቸው ሰላዮች ያደሩት ረዓብ ቤት ነው፤ የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ ደግሞ ቤቷን የእንግዳ ማረፊያ ያደርገዋል። ረዓብ የንጉሡን መልእክተኞች ዋሽታ ሰዎቹን አዳነች፤ የዕብራውያን መልእክትና የያዕቆብ መልእክትም አመሰገኗት። አውግስጢኖስ እዚህ ላይ ይጠበባል፦ የተመሰገነው ቸርነቷ ነው እንጂ ውሸቷ አይደለም ይላል። ክፍፍሉ ብልህ ቢሆንም በአሩስ ላይ ሲሞከር ይላላል፤ እዚያ ቸርነቱና ውሸቱ በአንድ መኪና ነው የተጫኑት። ይልቅ የሚቆረቁረው የአስተናጋጆቹ ጉዳይ ነው። እንግዳው የከፈለበትን በልቶ ሄዷል፤ የተጎዳው ነገር የለም። በእጥፍ ደመወዝ የመጣው ምግብ አብሳይ ግን ሳያውቅ፣ ሳይጠየቅ፣ አገሩ በጠላትነት ለፈረጀችው መንግሥት ሽፋን ሆነ። በሚያዝያ 1985 ኒሜሪ ሲወድቁ ሰላዮቹ በሌሊት ሹልክ አሉ። ሲነጋ እንግዶቹና ሠራተኞቹ በረሃው ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። የዳነው ነፍስ ይህን ዕዳ ይበልጠዋል፤ ዕዳ መሆኑን ግን አያስቀረውም።

አሁን ወደ ስደተኞቹ፣ ወደ ኡም ራኩባ። ቤተ እስራኤል በጎንደር ሳሉ የመንጻት ሥርዓታቸው ጥብቅ ነበር፤ የሌላ እምነት ሰው የነካውን ምግብ አይበሉም፣ ከነካቸው ይታጠባሉ፤ ጎረቤቶቻቸው «አትንኩኝ» እያሉ የሚጠሯቸውም ለዚህ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ እንስሳ ይከለክላል። በባሕር ዳር ሬስቶራንት ዋጋቸው ከላይ የሚጻፈው ሎብስተርና ሽሪምፕ ለእነሱ ምግብ አይደሉም። ይህ ሁሉ በጣቢያው ውስጥ መደበቅ ነበረበት። በረሃብና በበሽታ መካከል ሕግን ደብቆ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚከብድ የሟቾቹ ቁጥር ይናገራል፤ በመንገድና በጣቢያ ያለቁት ብዙ ጊዜ 4,000 ያህል ይባላሉ።

እስራኤል የደረሱትን ደግሞ ሌላ ፈራጅ ቆያቸው። ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግዕዝ ያነባሉ እንጂ ታልሙድን አያውቁም ነበር። ረቢ ዖቫዲያ ዮሴፍ በ1973 አይሁድነታቸውን ቢያጸኑም፣ የእስራኤል ረቢዎች ጽሕፈት ቤት አዲስ መጤዎቹን የመለወጥ ምልክት የሆነ የውሃ ጥምቀት ጠየቃቸው፤ በ1985 ኢየሩሳሌም ውስጥ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። ነገሩ በዚያ አላበቃም። በረቢዎች ሕግ አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው የነካው፣ በእሳት ያልፈላ ወይን ጠጅ ለአይሁድ አይፈቀድም። በሰኔ 2018 ባርካን የተባለው ትልቅ የእስራኤል ወይን ጠማቂ የአንድ ጥብቅ የሃይማኖት ወገን የካሽሩት (የአይሁድ የምግብ ሕግ) ማኅተም ፈልጎ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቹን ወይኑን ከሚነኩበት ሥራ ማንሣቱ ተሰማ። ማኅተም ሰጪዎቹ አይሁድነታቸውን ተጠራጥረው ነበር።

ሂዩም ቢሰማ ግራ ይገባው ነበር። በዚያ ጠርሙስ ላይ ምላስ የሚያገኘው ልዩነት የለም፤ በርሜሉ ቢገለበጥም ቁልፍ አይወጣም። የተፈረደው በእጅ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ቤተ እስራኤልስ ራሳቸው አትንኩኝ ሲሉ አልኖሩም ወይ?» ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። በጎንደር የታጠበው ግን ሕጉን የተሸከመው ሰው ራሱ ነው፤ ወንዝ የወረደው እሱ፣ ጦሙን ያደረው እሱ። የመሬት ርስት የማይሰጠው፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ተብሎ የሚናቅ፣ በቡዳነት የሚታማ ሰው ሕግ ነበር፤ ጎረቤቱን ከእንጀራው የሚያፈናቅልበት ሥልጣን አልነበረውም። የባርካኑ ሕግ የሚያስከፍለው ሌላውን ነው፤ ማኅተም ሰጪው ከራሱ ላይ ያጎደለው ነገር የለም፣ ከሥራ ቦታው የተነሣው ኢትዮጵያዊው ነው። መንጻት ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ስም ይጠራል፤ ሸክሙን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ሲታይ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በወቅቱ የሰፋርዲ ዋና ረቢ የነበሩት ይትስሐቅ ዮሴፍ፣ በ1973 የፈረዱት የረቢ ዖቫዲያ ልጅ፣ ድርጊቱን ዘረኝነት ብለው አወገዙት። ተቃውሞው ሲበረታ ኩባንያውም ውሳኔውን መለሰ። ያንን ማኅተም ካላየ የማይገዛው ደንበኛ ግን ዛሬም ጠርሙሱን አንሥቶ መጀመሪያ የሚያነበው የወይኑን ዓይነት ሳይሆን የመረመረውን ወገን ስም ነው።