በእኔ እጅ አንገትህን አትለካ

ልጄ፣ እናትህ ደውላ «ጭንቅላቱን ሊከፍቱት ነው» እያለች ስታለቅስ አመሸች። አንተም ልብህ እንዳመነታ ነገረችኝ። በዚህ መንገድ ቀድሜህ አልፌአለሁና ያየሁትን ስማኝ።

እጄ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር ታስታውሳለህ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ቤት ቡና ሲፈላ፣ ስኒው ከንፈሬ ሳይደርስ ግማሹ ሸሚዜ ላይ ይቀር ነበር። አንድ ሰርግ ላይ ሙሽራዋን ላጎርስ ብነሣ ወጡ ነጭ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ፤ ከኋላዬ «ጠጥቶ ነው» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ድግስ መሄድ ተውኩ፣ ዓመታትም ተሸሸግኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለእኔ ነበር። አንተም የሚጣመመውን አንገትህን በሻርፕ መሸፈን ጀምረሃል አሉኝ። አውልቀው፣ ልጄ።

ቀዶ ሕክምናው ላይ ነቅቼ ነበር። የራስ ቆዳዬን አደነዘዙት፤ አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም። ቀጭን ሽቦ ታላመስ ወደሚባለው የአንጎል ጥልቅ ክፍል አስገቡና እስክሪብቶ ሰጥተው እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የሚጠመዘዝ መስመር ሣል አሉኝ። የመጀመሪያው ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ኤሌክትሪኩን ሲለቁት እጄ ጸጥ አለ። ሁለተኛውን ስሠራ እንባዬ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ከዚያ ሽቦው በቆዳ ሥር ወርዶ አጥንተ ማንገቴ ሥር ከተቀበረው ባትሪ ጋር ተገናኘ።

ቀድሞ በሽቦ ፈንታ ያንን የታላመስ ነጥብ ማቃጠል ነበር ልማዱ። በ1987 እ.ኤ.አ. ግሬኖብል፣ ፈረንሳይ ውስጥ ቀዶ ሐኪሙ አሊም ሉዊ ቤናቢድ ከማቃጠላቸው በፊት ቦታውን ሲፈትሹ፣ በሰከንድ 100 ገደማ የኤሌክትሪክ ምት ሲለቁ መንቀጥቀጡ እንደሚቆም አስተዋሉ። የተቃጠለ አይመለስም፤ የሽቦው ኤሌክትሪክ ግን ይጠፋል፣ ይስተካከላል። ለእናትህ ይህንን ንገራት።

አሁን ዋናው ነገር። የእኔ እጅ ባንድ ቀን ቆመ፤ ያንተ አንገት የሚያጣምም ዲስቶኒያ ግን ሌላ ነው። ሽቦው የሚገባው ግሎበስ ፓሊደስ ወደሚባል ሌላ ቦታ ነው፤ ለውጡም በወራት ይቆጠራል። የሚርገበገበው ቶሎ ሊለቅ ይችላል፤ ተጣምሞ የቆየው ግን ዓመት ሊፈጅ ይችላል። በየጊዜው ተመላልሰህ ኃይሉን ጥቂት በጥቂት ያስተካክሉልሃል። በሁለተኛው ወር «በከንቱ ደከምኩ» የምትል ይመስለኛል፤ የምፈራልህ ከቢላዋው ይልቅ ያንን ቀን ነው። የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል ይባል የለ?

መጠየቅ ያደርጋል ሊቅና፣ ሳትፈርም ጠይቅ። የቦቶክስ መርፌው በደንብ በሚያውቅ እጅ ተሞክሮልሃል? ሐኪሙ ይህን ቀዶ ሕክምና በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራል? ባትሪው ቻርጅ የሚደረግ ነው ወይስ በየጥቂት ዓመቱ የሚቀየር? ቢያልቅ ሕመሙ ይመለሳልና የሚቀየርበትን ቀን ጽፈህ ያዝ። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን አልፎ አልፎ ያጋጥማሉ፤ ምላስም ሊኮላተፍ ይችላል። እኔንም ኃይሉን ከፍ ያደረጉልኝ ሰሞን ቃላት ይጎተቱብኝ ነበር፤ ሲቀንሱት ለቀቀኝ።

እናትህ «ጠበል ውሰዱት» ካለች አትቆጣት። ሂድ፣ ተጠመቅ። ቁስሉ ሳይጠግግ ግን ሐኪሙ ሳይፈቅድ ራስህን ውኃ አታስነካ፤ ይህን እኔ ራሴ አስረዳታለሁ።

አንድ ሥራ ልስጥህ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ሁልጊዜ አንድ ግድግዳ ፊት ቆመህ ስምህን እየተናገርክ በስልክህ ራስህን ቅረጽ። ዘገምተኛ ለውጥ ለባለቤቱ አይታይም። የመጀመሪያውን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባለው እሑድ ቅረጸውና ለእኔም ላክልኝ፤ እስከ ፋሲካ ድረስ እያነጻጸርኩ እነግርሃለሁ።