ከጣሪያ ውጭ የሚታሰር ቃል ኪዳን፦ ጋብቻና ስፍራው በአዲስ አበባ አራዳ

ያለ ድግስና ያለ ዘመድ ጉባኤ፣ በጥቂት ምስክሮች ፊት ብቻ ለመጋባት የወሰኑ ጥንዶች ቀድሞ የሚገጥማቸው የስፍራ ጥያቄ ነው። የወላጅ ግቢና አዳራሽ ከተተዉ የሚቀረው ሰማይ የሚታይበት ቦታ ነው፦ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጥላ፣ የቀበና ወንዝ ዳር፣ መናፈሻ ወይም የፒያሳ አደባባይ። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ የምርጫና የወጪ ጉዳይ ይመስላል። ሥሩ ግን የሃይማኖትም የፍልስፍናም ነው። ጋብቻን ጋብቻ የሚያሰኘው ስፍራው ነው፣ ካህኑ ነው፣ ሽማግሌው ነው፣ ፊርማው ነው ወይስ የሁለቱ ቃል? ለዚህ ጥያቄ የአገሩ ሕግ፣ ቤተ ክርስቲያንና እስልምና የየራሳቸውን መልስ ሰጥተዋል። መልሶቹ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ጋብቻ ድግስ ሊጎድለው ይችላል፣ ምስክር ግን ሊጎድለው አይገባም። ስፍራም መመዘን ያለበት በዚህ ነው።

ፈቃድና ስፍራ

በአማራው ባህል የጋብቻ መንገድ የታወቀ ነው። ሽማግሌ ይላካል፣ ጥሎሽ ይሰጣል፣ ሠርግ ይደገሳል፣ መልስና ቅልቅል ይከተላል። ኩብለላ የሚመጣው ይህ መንገድ ሲዘጋ ነው። የሚዘጋውም በዘር ቆጠራ፣ በሃይማኖት ልዩነት፣ በሀብት ማነስ ወይም በቤተሰብ ቂም ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ ከአባቷ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ተደብቃ የወጣችው የአባቷ የዘር ኩራት ሌላ በር ስላልተወላት ነው። ልቦለዱ የኮበለለችውን ልጅ ብቻ ሳይሆን መንገዱን የዘጋውን ሥርዓትም ለፍርድ ያቀርባል። ስለዚህ ኩብለላን በጅምላ ከባለጌነት መቁጠር ፍትሕ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከሄደው ሳይሆን ከከለከለው ዘንድ ነው።

ኩብለላ ከጠለፋ የሚለየው በፈቃድ ነው፤ ልዩነቱም የመልካምና የክፉ ያህል ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ትቶ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ቀዳዳውን ዘጋው። ከዚያ በፊት በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ደንግጓል።

ፈቃድ ግን ከአንደበት የሚወጣ ቃል ብቻ አይደለም። ነፃ የሚሆነው እምቢ ማለት የሚቻልበት ሁኔታ ሲኖር ነው። ከሰው ርቆ በጫካ ውስጥ፣ መጓጓዣ በሌለበት፣ አንደኛው ወገን ሌላውን ጥሎ መመለስ በማይችልበት ስፍራ የሚሰጥ እሺታ ሙሉ አይደለም። ስለዚህ ከቤት ውጭ ለሚፈጸም ጋብቻ የመጀመሪያው መመዘኛ የመልክዓ ምድሩ ውበት ሳይሆን፣ ሁለቱም በእግራቸው የመጡበትና በእግራቸው ሊመለሱ የሚችሉበት ቦታ መሆኑ ነው።

ሕጉ የሚጠይቀው

አዲስ አበባ የምትተዳደርበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሦስት ዓይነት የጋብቻ አፈጻጸም ይቀበላል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል ሥርዓት። ሦስቱም በሕግ ፊት እኩል ናቸው፤ ዝቅተኛው ዕድሜም ለሁለቱም ፆታ 18 ዓመት ነው። ዕድሜው ለደረሰ ሰው የወላጅ ፈቃድ ግዴታ አይደለም። ይህም ከቤተሰብ ተለይቶ የሚጋባን ሰው ከሕገ ወጥነት ነቀፋ ነፃ ያወጣዋል።

በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸመው ጋብቻ ከሌሎቹ ይልቅ ስለ ቦታ ይናገራል። ከተጋቢዎቹ አንዱ፣ ወይም የአንዳቸው ወላጅ ወይም የቅርብ ዘመድ፣ ቢያንስ ለስድስት ወር በኖረበት አካባቢ ባለ ሹም ፊት መፈጸም አለበት። ሹሙ አስቀድሞ እንዲያውቅ ይደረጋል፣ ጋብቻው ለሕዝብ ይገለጻል፤ በዕለቱም ለእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት ምስክሮች ቀርበው ሥርዓቱ በግልጽ ይካሄዳል። ሕጉ ዜማ፣ ልብስም ሆነ ግብዣ አይጠይቅም። የሚፈልገው አራት ሰው አይቶ የሚመሰክርለትና ማንም ሊቃወመው ዕድል ያገኘ ቃል ነው።

የከተማው ሰው ይህን ጋብቻ ለረጅም ጊዜ ከማዘጋጃ ቤት ጋር አያይዞ ሲጠራው ኖሯል። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ የተሠራውና ከቸርችል ጎዳና በላይ ያለው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ያረፈው በዚሁ በአራዳ ነው። «ማዘጋጃ ሄደው ፈረሙ» ማለት ያለ ሠርግ ተጋቡ ማለት ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ አገልግሎቱ ወደ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤቶች ወርዷል። በሜዳ ላይ ቃል መግባት የሚፈልጉ ጥንዶች የሚከተሉት ቀና መንገድም ይኸው ነው፤ ፊርማው በመዝገቡ ፊት ይፈጸማል፣ ቃሉ ደግሞ በመረጡት ስፍራ ይነገራል። ፊርማውን ትቶ በመልክዓ ምድር መርካት በኋላ በውርስ፣ በንብረትና በልጅ መብት ላይ ሸክም ያመጣል፤ ሸክሙም ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው በሴቲቱ ላይ ነው።

ቤተ መቅደስና ገነት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋብቻ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ፣ ምሥጢረ ተክሊል ነው። ሥርዓቱ ከቅዳሴና ከቅዱስ ቁርባን ጋር ይፈጸማል። ፍትሐ ነገሥት በ24ኛው አንቀጽ ስለ ጋብቻ ሲደነግግ የካህናትን መገኘትና ጸሎታቸውን የግድ ያደርጋል። ስለዚህ ለምእመን መልሱ ግልጽ ነው። በሜዳ የሚገባ ቃል ምንም ቢያምር ተክሊልን አይተካም፤ ተክሊል መሠዊያ ይፈልጋልና።

ነገር ግን ይህችው ቤተ ክርስቲያን ከጣሪያ ውጭ ያለውን ዓለም ርኩስ አላደረገችም። በኢትዮጵያ ቀኖና ውስጥ ያለው መጽሐፈ ኩፋሌ እንደሚተርከው አዳምና ሔዋን የተገናኙት ወደ ገነት ከመግባታቸው አስቀድሞ ነው። አዳም በ40ኛው ቀን፣ ሔዋን በ80ኛው ቀን ወደ ገነት ገቡ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና የሚነሡበት ሥርዓት ከዚህ ጋር ይያያዛል። ኩፋሌ ገነትን ከምድር ሁሉ የተቀደሰች ስፍራ ይላታል። ከዚህ የሚወጣው ሐሳብ ጥልቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ባልና ሚስት የተጣመሩት በተቀደሰው ስፍራ ውስጥ ሳይሆን ከእርሱ በፊት ነው፤ ወደ ቅድስናው የገቡት ከተጣመሩ በኋላ፣ እየተዘጋጁና ጊዜ ጠብቀው ነው። ጋብቻ ከስፍራው ቅድስናን እንደ ስጦታ አይወስድም፣ ወደ ቅድስና ይጓዛል እንጂ።

ጥምቀትም ይህንኑ ያስተምራል። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታት ከየመቅደሳቸው ወጥተው ከአራዳ ብዙ ወደማይርቀው ጃንሜዳ ይወርዳሉ፣ ሌሊቱን በድንኳን ያድራሉ፣ ቅዳሴም በዚያው ይቀደሳል። ሜዳው ለአንድ ሌሊት መቅደስ የሚሆነው በሣሩ ሳይሆን ወደ እርሱ በወረደው ታቦትና በዙሪያው በቆመው ሕዝብ ነው። ጥር 12 ደግሞ ቃና ዘገሊላ ይከበራል። ክርስቶስ በሠርግ ቤት የመጀመሪያውን ተአምር ያደረገበት በዓል በሠርግ ወር መካከል መዋሉ ለምእመናን ትርጉሙ ብዙ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ስለሚቆም ጥር የተመረጠ ወር ሆኖ ይኖራል። ዝናብ የሌለበት መሆኑም ከቤት ውጭ ለሚሰበሰቡ ያመቻል።

ኒካሕና የሌሎች አገሮች ልምድ

በእስልምና ኒካሕ ምሥጢር ሳይሆን ውል ነው። ኢጃብና ቀቡል፣ ማለትም መስጠትና መቀበል፣ ሁለት ምስክሮችና ለሙሽሪት የሚሰጥ መህር ያስፈልጉታል። የወሊይ፣ ማለትም የሴቲቱ አሳዳሪ፣ ፈቃድ በሻፊዒዮች ዘንድ ግዴታ ሲሆን፣ ሐነፊዮች ለአቅመ ሔዋን ለደረሰች ሴት ቀለል ያለ አቋም አላቸው። መስጊድ ለውሉ መጽናት ግዴታ አይደለም፤ በቤትም በግቢም ይታሰራል። መህርን ማቅለል ይወደሳል፣ ኒካሕን ማወጅ ይበረታታል፣ መደበቅ ግን ይነቀፋል። ስለዚህ በበኒ ሰፈር ኑር መስጊድ የሚሰግድ ሰው ጋብቻውን በዛፍ ጥላ ሥር ቢያስር ከእምነቱ አልወጣም። ምስክር ቢያጣ ግን ውሉን ራሱን ያጣል።

በአውሮፓም ጥያቄው ብዙ መቶ ዓመታት አከራክሯል። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሁለቱ ፈቃድ ብቻውን ጋብቻን ያጸና ስለነበር፣ በስውር የተጋቡ ሰዎች በኋላ ሲካካዱ ማስረጃ ይጠፋ ነበር። የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1563 ካህንና ሁለት ምስክሮች ግዴታ ያደረገው ይህን ለማቆም ነው። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1753 የወጣው የጋብቻ ሕግ ሥርዓቱን ሲያጠብቅ ወጣት ጥንዶች ድንበር ተሻግረው ወደ ስኮትላንዷ መንደር ወደ ግሬትና ግሪን ይጎርፉ ጀመር፤ በዚያ በምስክሮች ፊት ቃል መስጠት ይበቃ ነበርና። ሁለቱም ታሪኮች አንድ ነገር ያስረዳሉ። ችግሩ የስፍራው ተራነት ሆኖ አያውቅም፤ የቃሉ ምስክር ማጣት ነው።

ቀላልነት ስለምን

ቀላል ጋብቻ የሚመረጠው ለቁጠባ ብቻ ከሆነ መሠረቱ ጠባብ ነው። በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው «ሐተታ»፣ ስለ ደራሲው ማንነት ክርክር ቢኖርም፣ የተሻለ መሠረት ያሳያል። ዘርዓ ያዕቆብ በእንፍራዝ ባለ አስጠጊው በሀብቱ ቤት ታገለግል የነበረችውን ሒሩትን ሊያገባ ሲጠይቅ፣ ጌታዋ አገልጋይ አድርጎ ሊሰጠው ይፈቅዳል። እርሱ ግን በጋብቻ ባልና ሚስት እኩል እንደሆኑ ገልጾ የሚፈልገው ሚስት እንጂ አገልጋይ እንዳልሆነ ይመልሳል። እዚህ ላይ ጋብቻውን ትልቅ የሚያደርገው ግርማና ብዛት አይደለም፤ የሌላውን ሰው ክብር መቀበል ነው። ድግሱ የቀረው ይህ እንዲታይ ከሆነ ቀላልነት በጎነት ነው። ዘመድን ለመበቀል ወይም ኃላፊነትን ለመሸሽ ከሆነ ግን የድግስ ማነስ ምንም አያጸድቀውም።

አራዳ እንደ ምስክር ስፍራ

አራዳ ለስፍራው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከታሪኩ የሚወጣ ነው። ጣሊያኖች የአገሬውን ገበያ ወደ መርካቶ ከማዛወራቸው በፊት አራዳ የከተማዋ ዋና ገበያ ነበር፤ ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን ወሬ፣ አዋጅና ፍርድም የሚሰማበት ስፍራ ነበር። የአድዋ ድል መታሰቢያ ሆኖ የተሠራው ባለ ስምንት ማዕዘኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል በአጠገቡ ቆሟል። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚያ ነው። በዚያው 1923 ዓ.ም. በዘውዱ ዋዜማ የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በጣሊያን ወረራ ተነሥቶ ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። ክፍት ቦታ በአራዳ ትርጉሙ ሰው የሚያይበት ነው፤ ሸሽቶ መደበቂያ አይደለም።

የሠፈሩ ሠርግም ከጥንት ጀምሮ ከጣሪያ ውጭ ነበር። ግቢ ሲጠብ የእድር ድንኳን በመንገድ ላይ ይተከላል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ያልተጠራም ይመገባል። ጎረቤት የሚበላውን ያህል የሚመሰክርም ነበር፤ ትዳር ሲናጋ ከዚያው ድንኳን ሥር የተቀመጡት ሰዎች ሽማግሌ ሆነው ይገቡ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ ሠፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ተለያዩ የከተማዋ ዳርቻዎች ተበትነዋል። ድንኳኑ የሚተከልበት መንገድ ብቻ ሳይሆን የምስክርነቱ ማኅበርም አብሮ ተበተነ። ለዚህ ጉዳት አዲስ አደባባይና መናፈሻ በራሱ ካሣ አይሆንም። ሆኖም የተበተኑ ሰዎች ዳግም ሊገናኙበት የሚችል ክፍት ቦታ ነው፤ በዚያ የሚገባ ቃልም ጥቂት የድሮ ጎረቤቶችን ከጠራ የጠፋውን ምስክርነት በትንሹ ይመልሳል።

ከዚህ ሁሉ የምርጫው ሥርዓት ይወጣል። በቅድሚያ ሁለቱም በነፃ ፈቃድ መምጣታቸው ይረጋገጣል። ቀጥሎ ምስክሮች ይመረጣሉ፤ የሚመረጡትም ለፎቶ ሳይሆን በችግር ቀን ቃሉን የሚያስታውሱ ናቸው። ከዚያ መዝገቡ ይጠናቀቃል። ምእመናን የሆኑ ተጋቢዎች ተክሊልን ወይም ኒካሕን ከሜዳው ጋር አያምታቱም፤ ለየራሱ ቦታ ይሰጡታል። ስፍራው ከሁሉ በኋላ ይመጣል። ሁሉም ሊደርስበት የሚችል፣ ከክረምት ዝናብ የሚተርፍ፣ የሌላውን ጸሎትና ኑሮ የማያውክ፣ ተጋቢዎቹ በኋላ ከልጆቻቸው ጋር ተመልሰው ሊቆሙበት የሚችሉት ቢሆን ይመረጣል። እነዚህ ከተሟሉ የእንጦጦ ዛፍ ሥርም ሆነ የአራዳ አደባባይ ለቃል ኪዳን ይበቃል። ካልተሟሉ ግን በካቴድራልና በአዳራሽ የሚደረግ ሠርግም ጉድለቱን አይሸፍነውም። ያለ ድግስ የተጋቡ ሰዎች ለወላጆቻቸው የሚኖርባቸው አንድ ዕዳ አለ፤ የተዘጋው በር ሲከፈት ሽማግሌ ልከው መታረቅ። ቃላቸው ከሰው ሳይሸሽ የተገባ ከሆነ ይህን ለማድረግ አይከብዳቸውም።