በሸራ ስለሚሸፈነው ሥራ

ሰው ለገዛ ሥራው እውነተኛ ዳኛ ለመሆን ይችላልን? ይህ ጥያቄ ሲቀርብ ብዙዎቻችን ፈጥነን የምንሰጠው መልስ፣ «ጉዳቱ በራሱ ላይ የሚመለስ ከሆነ ይችላል» የሚል ነው። አታላይ ነጋዴ ሚዛኑን የሚያጎድለው በሌላው ላይ ነው፤ ሰነፍ ግንበኛም መሠረቱን የሚያሳንሰው ራሱ በማይተኛበት ቤት ነው። የሥራውን ፍሬ ራሱ የሚበላ ሰው ግን ስለ ምን ብሎ ያታልላል? አባቶቻችንስ «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ብለው የለምን?

ይህ መልስ እውነት መሆኑንና አለመሆኑን ለመመርመር፣ አይሮፕላን በገዛ እጃቸው ሠርተው በገዛ ሕይወታቸው የሚበሩ ሰዎችን ከማየት የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። የሠራው ጫማ ቢቀደድ ሰው ባዶ እግሩን ይሄዳል፤ የሠራው ወንበር ቢሰበር ተነሥቶ ይስቃል። የሠራው ክንፍ አየር ላይ ቢሰበር ግን ለመጸጸት እንኳ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ለራሱ ሥራ ቅን ዳኛ የሚሆን ሰው ካለ እርሱ ይህ ሰው መሆን አለበት።

እንዲህ ያሉ ሰዎች በብዙ አገር አሉ። በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ በጥር ወር 1953 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፖል ፖበረዝኒ የተባለ አብራሪ ጥቂት ወዳጆቹን ሰብስቦ የሙከራ አይሮፕላን ማኅበር አቋቋመ። በ1955 ዓ.ም. ይኸው ሰው ከ800 ዶላር በማይበልጥ ወጪ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን እንዴት እንደምትሠራ በአንድ መጽሔት ላይ ሲያስረዳ፣ ብዙ ሰው ወደ ማኅበሩ ጎረፈ። ዛሬ ማኅበሩ በየከተማውና በየወረዳው ብዙ መቶ ቅርንጫፎች አሉት።

የአንዱ ቅርንጫፍ ኑሮ የሌላውን ይመስላል። አባላቱ መምህር፣ ገበሬ፣ ሐኪም፣ አናጢ፣ ጡረታ የወጣ መካኒክ ናቸው። በወር አንድ ጊዜ በአይሮፕላን ማረፊያው ሜዳ አጠገብ ይሰበሰባሉ፤ ቡና ይጠጣሉ፤ አንዱ ለሌላው ብረት መበየድን ወይም እንጨት ማጣበቅን ያስተምራል፤ መሣሪያ ይዋዋሳሉ። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮም ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆችን ያለ ምንም ክፍያ በአይሮፕላናቸው እያሳፈሩ ሰማዩን ያሳያሉ፤ በዚህ ዓይነት የበረሩት ልጆች ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። በቀረው ጊዜ እያንዳንዱ በየቤቱ፣ መኪና በሚያድርበት ክፍል ውስጥ፣ ለዓመታት ይሠራል። የአገሩ ሕግም ይህን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ከሥራው የሚበልጠውን ክፍል ሰዎቹ ራሳቸው፣ ለትምህርትና ለመዝናኛ ብለው ብቻ የሠሩት መሆን አለበት ይላል። ለትርፍ ሳይሆን ለማወቅና ለመደሰት መሥራት በሕግ መጻፉ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በእንጨት የሚሠራ ክንፍ መጀመሪያ ዐፅሙ ብቻ ይቆማል። ክንፉን የሚሸከመው ዋና ወጋግራ ይታያል፤ እንደ ጎድን አጥንት የተደረደሩት ቀጫጭን እንጨቶች ይታያሉ፤ የተጣበቀበት ሙጫ፣ የታሰረበት ብሎን ሁሉ ይታያል። ከዚህ በኋላ በሸራ ይሸፈንና ቀለም ይቀባል። ከሸራው በኋላ መልካሙም ክንፍ፣ ክፉውም ክንፍ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም ያብረቀርቃሉ። ስለዚህ በማኅበሩ ዘንድ አንድ መልካም ልማድ አለ። ሠሪው ሸራውን ከማልበሱ በፊት ከአባላቱ ልምድ ያለውን አማካሪ ወደ ቤቱ ይጠራል። አማካሪው መብራት ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ያያል። ገንዘብ አይቀበልም። የመንግሥት ሹም ስላልሆነም ለመከልከል ሥልጣን የለውም። ያለው ቃሉ ብቻ ነው።

እስቲ ወጣቶች ሆይ፣ ያን ሰዓት በልባችሁ ሣሉት። ሠሪው ስድስት ወር ማታ ማታ የደከመበትን ክንፍ አማካሪው በጣቱ እየነካ፣ «ይህ መጋጠሚያ ሙጫው አልያዘም፤ ብትፈታው ይሻልሃል» ይለዋል። የሠሪው ፊት ይቀላል። «እኔ ነኝ የምበርበት፤ ለሕይወቴ ከእኔ የበለጠ ማን ያስብልኛል?» የሚል ቃል ወደ አፉ ይመጣል። ይህ ቃል ተራ ቁጣ አይደለም፤ በመጀመሪያ ያነሣሁት መልስ ራሱ ነው። ስለዚህ በተግሣጽ ሳይሆን በምክንያት ሊመለስለት ይገባል።

የመጀመሪያው ምክንያት፣ ቅንነት ሌላ ዕውቀት ሌላ መሆኑ ነው። ኦንሪ ሚኜ የተባለ ፈረንሳዊ «የሰማይ ቁንጫ» የምትባል ትንሽ አይሮፕላን ፈጥሮ፣ ተራ ሰው በቤቱ እንዲሠራት በ1934 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳተመ። በፈረንሳይና በእንግሊዝ ብዙ ሰዎች በደስታ ሠሯት። ሚኜ አታላይ አልነበረም፤ ራሱ በርሮባታል፤ ከልቡም አምኖባታል። ነገር ግን አንዳንዶቹ አይሮፕላኖች አፍንጫቸውን ወደ መሬት ደፍተው ሳይመለሱ ቀሩ፤ ሰዎችም ሞቱ። በ1936 ዓ.ም. በፈረንሳይና በእንግሊዝ በትልልቅ የነፋስ መመርመሪያ ቤቶች ስትፈተን ነገሩ ታወቀ። የፊቱና የኋላው ክንፍ እጅግ ስለ ተቀራረቡ፣ አይሮፕላኗ ከተወሰነ መጠን በላይ ካዘቀዘቀች በኋላ አብራሪው መሪውን ቢስብም ቀና አትልም ነበር። ሚኜ ይህን ጉድለት ኋላ አረመው። ነገር ግን የሞቱትን የገደላቸው ክፋት አይደለም፤ ከልብ የታመነ ስሕተት ነው። ሰው በራሱ ሥራ ላይ ሲፈርድ፣ ሲሠራ ያላሰበውን ነገር ሲፈርድም አያስበውም። የሠራውም ዓይን የሚመረምረውም ዓይን አንድ ነውና።

ሁለተኛው ምክንያት፣ «የእኔ» የምንለው ሥራ ለዘላለም የእኛ ሆኖ አለመቅረቱ ነው። በአሜሪካ አገር አንድ ሰው በታወቀ ንድፍ አንዲት አይሮፕላን ሠራ። ንድፉ የቤንዚኑን መለወጫ እጀታ በአብራሪው ጉልበቶች መካከል ያደርገው ነበር። ሠሪው ግን ቤንዚን የሚያልፍበት ቧንቧ አብራሪው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ እንዳይገባ ብሎ፣ እጀታውን ከአብራሪው ግራ ትከሻ በስተኋላ አደረገው። አሳቡ ለደኅንነት ነበር። ከዓመታት በኋላ አይሮፕላኗን ጆን ዴንቨር የተባለው ስመ ጥሩ ዘፋኝ ገዛት። ጥቅምት 12 ቀን 1997 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ጠረፍ ቤንዚን ሳይጨምር ተነሣ። መርማሪዎቹ እንደ ደረሱበት፣ እጀታውን ለመያዝ ወደ ኋላ ሲዞር መሪውን በእግሩ ሳያስበው ስለ ረገጠ አይሮፕላኗ ወደ ባሕር ወደቀች፤ እርሱም ሞተ። ጥፋቱ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ አብራሪው ቤንዚን አለመጨመሩንና ከአይሮፕላኗ ጋር በሚገባ አለመለማመዱን መርማሪዎቹ ጽፈዋል። የእጀታውንም ቦታ ጽፈዋል። እንግዲህ ሠሪው ያን እጀታ ሲያስቀምጥ «ለእኔ ይመቸኛል» ብሎ ይሆናል። የሥራ ባሕርይ ግን ይህ ነው፤ አሳባችን ከእኛ ጋር ሲቀር ሥራችን ወደማናውቀው ሰው ይሄዳል። እጀታው ለምን እዚያ እንደ ተደረገ የሚያስረዳ አፍ ሳይኖረው፣ ከማያውቀው ሰው ትከሻ በስተኋላ ቆሞ ይጠብቃል።

ሦስተኛውን ምክንያት ከሕጉ እንማረዋለን። አዲስ የተሠራ አይሮፕላን እንደ ሞተሩ ዓይነት በተለመደው 25 ወይም 40 ሰዓት፣ ከሕዝብ መኖሪያ ራቅ ባለ ስፍራ፣ መንገደኛ ሳይጭን ይፈተናል። ከዚያም በኋላ ቢሆን «የሙከራ» የሚል ቃል፣ ቁመቱ ከ5 ሳንቲሜትር በማያንስ ፊደል በመግቢያው አጠገብ መጻፍ አለበት። በውስጡም ይህ አይሮፕላን እንደ ሌሎቹ በመንግሥት ደንብ ያልተሠራ መሆኑ ለሚሳፈረው ሰው ይገለጣል። ሰው በገዛ ሕይወቱ ላይ የመድፈር መብት አለው ብንል እንኳ፣ በጎኑ የሚቀመጠውን ሰው ሳይነግሩ መድፈር መብት ሊሆን አይችልም። ይልቁንም የስምንት ዓመት ልጅ ስለ ሙጫና ስለ ብሎን ምን ያውቃል? እርሱ የሚያየው ያማረውን ቀለም ብቻ ነው፤ እምነቱን ሁሉ በአብራሪው ፊት ላይ ያደርጋል። ይህ እምነት ለሠሪው ከሸራው በታች ያለውን ሁሉ አደራ ያደርግበታል።

ምናልባት አንዱ፣ «እንግዲያውስ ሁልጊዜ የሚመረምር ሌላ ሰው ካለ የሠሪው ኅሊና አይሰንፍምን?» ይለኝ ይሆናል። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። አማካሪው የሚመጣው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከመምጣቱ በፊት የተሸፈነውን፣ ከሄደም በኋላ የተለወጠውን አያይም። ሙጫው በቀዝቃዛ ሌሊት ተቀብቶ እንደ ሆነ የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው። ስለዚህ የሌላው ሰው ዓይን የኅሊና ምትክ አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ሁለቱ የሚረዳዱ ናቸው። ኅሊና የሌላው ዓይን የማይደርስበትን ይጠብቃል፤ የሌላው ዓይን ደግሞ ኅሊና ያላወቀውን ያሳየዋል። ቅን ሰው አማካሪውን የሚጠራው ቅንነቱን ስለሚጠራጠር አይደለም፤ ቅንነቱ ዓይን እንደማይሆነው ስለ ተረዳ ነው። እንዲያውም ማንም ሳያስገድደው ሌላውን ሰው «ና፣ ሥራዬን እይልኝ» ብሎ መጥራት ራሱ ከኅሊና ሥራዎች ሁሉ የሚከብደው ነው።

የመሥራት ምኞት ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። «ፀሐይ» የተባለችው አይሮፕላን በ1935 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሠርታ፣ ጣሊያኖች ከወሰዷት በኋላ በ2024 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመልሳለች። ከእናንተም መካከል ነገ ድልድይ፣ መድኃኒት፣ የሒሳብ መዝገብ ወይም ሕግ የሚሠራ ይኖራል። እነዚህም ሁሉ የሚሸፈኑበት ቀን አላቸው። ድልድዩ በአስፋልት፣ መድኃኒቱ በብልቃጥ፣ መዝገቡ በማኅተም ይሸፈናል።

እንግዲህ ለጥያቄው የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ሰው ለገዛ ሥራው ምስክር ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን ግን ዳኛ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ሥራችሁን ሸራ ከማልበሳችሁ በፊት የሚያይላችሁን ሰው ጥሩ። ስትጠሩም የሚያመሰግነውን ሳይሆን ጎንበስ ብሎ የሚያየውን ምረጡ። «ፍታው» ካላችሁም ያን ቀን ብታዝኑ አይፈረድባችሁም። ብቻ አዝናችሁ ፍቱት።