ጸሎት ቤቱ ለሽያጭ ሲቀርብ

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ጥያቄው የእኔ አይደለም። በልጅነታችን በመዘምራን አብራኝ ያገለገለች፣ ዛሬ በእንግሊዝ አገር ገጠር አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች የምትንከባከብ አንዲት እህት የላከችልኝ ነው። ከምትንከባከባቸው ሰዎች አንዷ ዘጠና ዓመት የተጠጋቸው እናት ናቸው። በመንደራቸው አንድ ቤት ለሽያጭ ቀርቧል። ይህ ቤት ቀድሞ እኚህ እናት ሰንበት ትምህርት የተማሩበትና ጋብቻቸውን የፈጸሙበት የሜቶዲስት ጸሎት ቤት ነበር። ተሸጦ መኖሪያ ከሆነ ወዲህ ገብተውበት አያውቁም። አሁን አሻሻጩ ድርጅት ለገዢዎች በቀጠሮ ያስጎበኛል። «ደውይና ልንገዛው ነው በያቸው፤ አንዴ ብቻ ውስጡን ልየው» አሏት። እህቴም «ምን ላድርግ?» ብላ ጻፈችልኝ። የቤቱንም ፎቶግራፎች አያይዛለች።

ገዢ ነኝ ብሎ መደወሉ ውሸት ነው፤ በእሱ ላይ ብዙ አልተጨነቅሁም። እውነቱን ተናግረሽ ለምኚ አልኋት። ያስጨነቁኝ ፎቶግራፎቹ ናቸው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቤቱ ያምራል። ግራጫ ድንጋይ ነው። አናታቸው የቀስት ቅርጽ ያላቸው ረጃጅም መስኮቶች አሉት፤ የጣሪያው ወፋፍራም እንጨት ከታች ሆኖ ይታያል። ምስባኩ በነበረበት ቦታ እብነ በረድ የለበሰ ወጥ ቤት ገብቷል። ምእመናን ይቀመጡበት የነበረው ሰገነት እንደ ቆጥ ያለ መኝታ ክፍል ሆኗል። ከበሩ በላይ «አቤንኤዘር» የሚል ስምና ዓመተ ምሕረት የተቀረጸበት ድንጋይ እንዳለ አለ። መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ ምኞት ነበር። በዚያ መስኮት ሥር ጠረጴዛ አድርጌ ሳነብ ታየኝ። ቁጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነገር እንዴት ይሸጣል? ሳሙኤል የረድኤት ድንጋይ ብሎ ያቆመውን ስም በሩ ላይ አድርጎ፣ ሰው እንዴት በውስጡ ቁርሱን ይበላል?

ከመካከላችሁ አንዱ ወዲያው «ሕንፃ ድንጋይ ነው፤ እግዚአብሔር የሰው እጅ በሠራው ቤት አይወሰንም» እንደሚለኝ አውቃለሁ። እስጢፋኖስም ይህንኑ ተናግሯል። ልክ ነው፤ ግን ቶሎ አትበሉት። እንዲህ ቶሎ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ለሕንፃው ያላዋጣ ሰው ነው።

እነዚያ የገጠር ጸሎት ቤቶች በአብዛኛው በእርሻ ሠራተኞችና በአነስተኛ ነጋዴዎች መዋጮ የቆሙ ናቸው። በዶርሴት ግዛት ቶልፐድል የሚባል መንደር አለ። በዚያ ሜቶዲስቶች በ1818 እ.ኤ.አ. ትንሽ ጸሎት ቤት ሠሩ። በ1830ዎቹ የመንደሩ የእርሻ ሠራተኛ በሳምንት 7 ሽልንግ ያገኝ ነበር፤ እሱም ወደ 6 ሊወርድ ነው ተባለ። ስድስት ሰዎች ማኅበር ፈጥረው ለመደራጀት ተማማሉ። በ1834 ሕገ ወጥ መሐላ ፈጽማችኋል ተብለው ሰባት ዓመት ተፈርዶባቸው ወደ አውስትራሊያ በግዞት ተላኩ። አብዛኞቹ ሜቶዲስቶች ነበሩ፤ መሪያቸው ጆርጅ ላቭለስ ሰባኪ ነበር። ከብዙ የሕዝብ ተቃውሞ በኋላ በ1836 ምሕረት ተደረገላቸው። ሌላው ጆሴፍ አርች ነው። በዎሪክሻየር ግዛት አጥር በመከርከም የሚተዳደር፣ በእሑድ የሚሰብክ ሰው ነበር። በ1872 የእርሻ ሠራተኞችን ማኅበር አቋቋመ፤ በ1885 የፓርላማ አባል ሆነ።

እነዚህ ሰዎች በሕዝብ ፊት ቆሞ መናገርን የት ተማሩት? ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። የአብዛኞቹ መኖሪያ ጎጆና የሚያርሱት መሬት የባለርስቱ ነበር። ጸሎት ቤቱ ግን የራሳቸው ነው። ልጆቻቸው ፊደል የቆጠሩት በሰንበት ትምህርት ቤቱ ነው። ሒሳብ መያዝ፣ ስብሰባ መምራት፣ ሳይፈሩ ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገር የተለማመዱት በእነዚያ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ነው። ስለዚህ ጸሎት ቤት ሲሸጥ የሚጠፋው ድንጋዩ አይደለም፤ ድንጋዩማ እንዲያውም ከድሮው የበለጠ አምሮ ቆሟል። ሕንፃው በቅርስነት ከተመዘገበ የመስኮቱን ቅርጽ እንኳ ያለ ፈቃድ መለወጥ አይቻልም። የሚጠፋው ድኻ ማንንም ሳያስፈቅድ የሚገባበት ክፍል ነው። እሱን በቅርስነት የሚመዘግብ ሕግ የለም።

እንግዲህ ማንን እንውቀስ? ሻጮቹን ለመውቀስ ሞክሬ አልሆነልኝም። ጣሪያው የሚያፈስ፣ የቀሩት ምእመናን አምስትና ስድስት አረጋውያን የሆኑበት ጸሎት ቤት ምን ይሁን? በእንግሊዝ ሕግ የበጎ አድራጎት ንብረት ጠባቂዎች ሲሸጡ፣ በመርሕ ደረጃ የተሻለ የሚባለውን ዋጋ ማግኘት አለባቸው፤ ለወደዱት ሰው በርካሽ መስጠት አይችሉም። ገንዘቡም ለቤተ ክርስቲያኒቱ ሥራ ይውላል። የሜቶዲስት ሕንፃ ሲሸጥ መጠጥ እንዳይሸጥበት፣ ቁማር እንዳይካሄድበት የሚል ግዴታ በውሉ ውስጥ ማስገባትም የቆየ ልማድ ነው። በግድየለሽነት የጣሉት አይደለም።

እኔም ራሴ ከመድረክ «የእንግሊዝ ጸሎት ቤቶች የተዘጉት እምነት ስለቀዘቀዘ ነው» ብዬ አስተምሬያለሁ። ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ በስብከት ላይ በጣም ይመቻል። ትራክተር መጥቶ የእርሻ ሠራተኛው ሥራ ፍለጋ ከመንደር ወጥቷል። በዚያ ላይ ተለያይተው የነበሩት የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያናት በ1932 ሲዋሐዱ፣ በአንድ ትንሽ መንደር ሁለትና ሦስት ጸሎት ቤት የአንድ ቤተ ክርስቲያን ንብረት ሆኖ ተገኘ። አንድነት ራሱ ሕንፃ ያስዘጋል።

ታዲያ የዚያ የሰባት ሽልንግ ሠራተኛ መባ ከንቱ ቀረ? እዚህ ላይ የማርቆስን ወንጌል ምዕራፍ 12ንና 13ን ያለ ዕረፍት አያይዛችሁ አንብቡ። የምዕራፉ ቁጥር ስለሚለያያቸው ለየብቻ እንሰብካቸዋለን። በ12 መጨረሻ ላይ ድኻዋ መበለት ያላትን ሁሉ በቤተ መቅደሱ መዝገብ ትጥላለች። በ13 መጀመሪያ ላይ ጌታ ከዚያው ቤተ መቅደስ ሲወጣ ሕንፃው እንደሚፈርስ ይናገራል። እንደሚፈርስ እያወቀ ሴትዮዋን ጠርቶ «ሳንቲምሽን መልሺ» አላላትም። ስጦታዋን ያከበረው ሕንፃው ስለሚኖር አልነበረም። የሠራተኛውም ሳንቲም አንዲት ልጅ በዚያ ቤት ፊደል የለየች ዕለት ሥራውን ጨርሷል። ወጥ ቤቱ ያንን ወደ ኋላ ሄዶ ሊሰርዘው አይችልም።

ይህ ቁጣዬን አበረደው። ቤቱን መግዛት ኃጢአት አይደለም፤ ማማሩም አይደለም። አንድ ነገር ግን አሁንም ይከነክነኛል። እኛም ለቆርቆሮና ለሲሚንቶ እናዋጣለን፤ ብሎኬቱን ተሸክማችሁ ያቀበላችሁ ብዙዎቻችሁ ናችሁ። የምንሠራው አዳራሽ ከእሑድ እስከ እሑድ ተቆልፎ ከዋለ፣ መብራት ያጣ ተማሪ ማታ የሚያጠናበት ካልሆነ፣ ከዚያ በቀጠሮ ብቻ ከሚጎበኝ ቤት በምን ይለያል? በእነርሱ በር ላይ ቁልፍ የገባው ከተሸጠ በኋላ ነው።

እህቴ ደወለች። እንደማይገዙ፣ እናትየዋ ግን በዚያ ቤት እንዳደጉ ተናገረች። አሻሻጩ ጉብኝቱ ለገዢዎች ብቻ ነው ብሎ ነበር፤ ሆኖም ለባለቤቷ አስተላለፈላት፤ እሷም ማክሰኞ ይምጡ አለች። በተሽከርካሪ ወንበር ወሰደቻቸው። እናትየዋ አላለቀሱም። ጫማቸውን እንድታወልቅላቸው ጠየቁና ባዶ እግራቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉ። የማሞቂያው ቱቦ በወለሉ ሥር ስለሚያልፍ ይሞቃል። «በእኛ ጊዜ በስብከቱ መሀል እግራችን በብርድ ይደነዝዝ ነበር» ብለው ሳቁ። ባለቤቷ ሻይ ስትቀዳ የት ይቀመጡ እንደነበር ጠየቀቻቸው። በጣታቸው አሳዩ፤ አሁን ሶፋ ያለበት ቦታ ነው። ደግፈው ወስደው አስቀመጧቸው። ከዚያ ሆነው ወደ ወጥ ቤቱ አቅጣጫ ዝም ብለው ተመለከቱ። ባለቤቷ የምትለው ጠፋት፤ ሄዳ ራዲዮኑን ዘጋችው።